ሰባት ቁጥር ፊደል የሆነባት ከተማ

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ቋንቋው ወላይትኛ እንዲሆን ሲመረጥ የሳምንቱ ቀናት በግዕዝ ፊደል ይደረደራሉ፦ ወጋ፣ ሳይኖ፣ ማቆሳኛ፣ አሩዋ፣ ሃሙሳ፣ አርባ፣ ቄራ። ፋይሉን ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2003 አዘጋጅቶ ለዓለም የጋራ ሥራ አበርክቶታል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ያኔ በወላይታ ዋና ከተማ በሶዶ፣ በዳሞታ ተራራ ሥር ያሉት ትምህርት ቤቶች ወላይትኛን በላቲን ፊደል ማስተማር ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ከዐሥራ አምስቱ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። ስለዚህ በዘመቻው ማንበብ የተማሩ የሶዶ አዛውንት እነዚህን ቀናት ሳይቸገሩ ያነብቧቸዋል። የልጅ ልጃቸው ቃላቱን በጆሮው ያውቃቸዋል፤ በትምህርት ቤት የጻፋቸው ግን በሌላ ፊደል ነው።

በላቲኑ አጻጻፍ ጉሮሮ ላይ ቆም ብሎ የሚወጣው ድምፅ በሰባት ቁጥር ይወከላል። «ናኣ» ልጅ ማለት ነው፤ ሲጻፍ ኤን፣ ኤ፣ ሰባት፣ ኤ፣ ኤ ይሆናል። ወላይትኛ የሚያነብብ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ቁጥር አይታየውም፤ ፊደል ነው። ቅጽ የሚሠራ ፕሮግራመር ግን «በስም ውስጥ ፊደል ብቻ ይግባ» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል፤ ያች መስመር ሰባት ያለበትን ስም ትመልሳለች። ቃላትን ከጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራምም ቃሉን ከመሐል ሰንጥቆ ሁለት ቁራጭና አንድ ቁጥር ሊያደርገው ይችላል። ኦሮምኛ ለዚሁ ድምፅ የመረጠው ነጠላ ጭረት፣ ሁድሃ የሚባለው፣ ሌላ ጣጣ አለው። በዳታቤዝ ቋንቋ ያው ምልክት ጽሑፍ የሚያበቃበት ነውና ያልተጠነቀቀ ኮድ ሁድሃ ያለበትን ስም ሲቀበል ይሰናከላል። ሁለቱም ሕዝቦች የመረጡት ምልክት በታይፕራይተርና በኪቦርድ ላይ የሚገኝ ነው። ምልክቱ በሌላ ሙያ ውስጥ ሌላ ሥራ እንዳለው የሚነግራቸው ሰው ምናልባት አጠገባቸው አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት ብዙ ሰው በጋራ በሚጽፈው ሶፍትዌር ውስጥ ስለሚፈጠረው የአጻጻፍ ደንብ ክርክር ለመጻፍ ነው። ክርክሩ ከውጭ ሲያዩት የሥራ ፈቶች ይመስላል። እኔ ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ሶዶ ላይ ከሆነውና ኋላ ከምተርከው ነገር ጋር አያይዤ ሳየው ተራ ነገር ሆኖ አይታየኝም።

በመጀመሪያ ክርክሩ ምን እንደሆነ ልንገር። ኮድ የሚጻፈው ለኮምፒውተር ቢሆንም የሚያነብበው፣ የሚያርመውና ከዓመታት በኋላ የሚወርሰው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ መስመር በሌላው ሥር እንደሚውል ለማሳየት ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ይጻፋል። ገባ የሚደረገው በታብ ነው ወይስ በስፔስ? በስፔስ ከሆነ በሁለት፣ በአራት ወይስ በስምንት? ጥምዝ ቅንፉ በዚያው መስመር ጫፍ ይከፈት ወይስ ከሥሩ ብቻውን ይቁም? ሁለት ቃል ያለው ስም ሲሰጥ ሁለተኛው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምር፣ ፕሮግራመሮች የግመል ጉብታ የሚሉት፣ ወይስ መካከሉ ላይ ከሥር ሰረዝ ይግባ፣ እባብ የሚሉት? ኮምፒውተሩ ለአብዛኛው ግድ የለውም። ለሰዎቹ ግን ጓደኝነት እስከመበጠስ ይደርሳል።

የሊኑክስን አስኳል የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ለተባባሪዎቹ ባወጣው ደንብ አንድ ታብ ስምንት ፊደል ያህል ይሁን ይላል። ምክንያቱንም ይሰጣል፤ ኮዱ ወደ ውስጥ ከመጠን በላይ ሲገባ ዐይን እንዲደክምና ጸሐፊው ሥራውን ቀለል እንዲያደርግ ይገደዳል። በዚያው ሰነድ መግቢያ ላይ የግኑ ፕሮጀክትን ደንብ አትማችሁ ሳታነብቡ አቃጥሉት የሚል የቀልድ ምክርም አለ። የፓይተን ቋንቋ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ፔፕ 8 ደግሞ አራት ስፔስና ከ79 ፊደል የማይበልጥ መስመር ይላል። የዚሁ ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 ከመሪነቱ የወረደው አንድ አዲስ ምልክት ወደ ቋንቋው ይግባ ወይስ አይግባ በሚል ክርክር ተሰላችቶ ነው። ሁለት ነጥብና እኩል ምልክት፣ ያችን ታክል ነገር። ምልክቷ ገብታለች፤ እሱ ግን ክርክሩ አድክሞት ወንበሩን ለቀቀ።

አንዳንዱ ደንብ ከጣዕም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 አፕል በስልኮቹና በኮምፒውተሮቹ ላይ የተመሰጠረ ግንኙነትን ክፍት ያደረገ ስሕተት ማረሙን አስታወቀ። ስሕተቱ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ መደገሙ ነበር። ከቅድመ ሁኔታው በኋላ ጥምዝ ቅንፍ ስላልነበረ ሁለተኛው መስመር ቅድመ ሁኔታው ቢሟላም ባይሟላም ይፈጸም ነበር፤ ገባ ተደርጎ ስለተጻፈ ግን ለዐይን በቅድመ ሁኔታው ሥር ያለ ይመስላል። ሁልጊዜ ቅንፍ ይደረግ የሚል ደንብ ቢኖር ያች የተደገመች መስመር ጉዳት የማድረስ ዕድሏ ባነሰ ነበር።

በታብና በስፔስ ክርክር ውስጥም ብዙዎቻችን ሳናስብ የኖርነው ሰው አለ። አንዳንድ ዐይነ ስውር ፕሮግራመሮች ኮድን የሚያነብቡት በጣታቸው፣ በብሬል ማሳያ ነው፤ አንድ ማሳያ ብዙ ጊዜ አርባ ያህል ቦታ ብቻ አለው። ሦስት ደረጃ ወደ ውስጥ የገባ መስመር በአራት አራት ስፔስ ከተጻፈ ዐሥራ ሁለቱ ቦታ በባዶ ይሞላል። በታብ ከተጻፈ ሦስት ብቻ። አንዱ ለውበት የመረጠው ለሌላው የማንበብና ያለማንበብ ጉዳይ ነው፤ ደንቡ የተወሰነበት ስብሰባ ላይ ግን ያ ሰው አልተቀመጠም።

ኋላ ላይ መሣሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው የጎ ቋንቋ ከራሱ ጋር ጎፍምት የሚባል ፕሮግራም ይዞ ወጣ፤ ማንም እንደፈለገ ጻፈው፣ ፕሮግራሙ ወደ አንድ መልክ ያመጣዋል። ከቋንቋው ፈጣሪዎች አንዱ ሮብ ፓይክ የዚህ መሣሪያ መልክ የማንም ምርጫ እንዳልሆነ፣ መሣሪያውን ግን ሁሉም እንደሚወደው ተናግሯል። ለፓይተን እ.ኤ.አ. በ2018 ብላክ መጣ፤ ስሙ ፎርድ ስለ መኪናዎቹ ቀለም አለ ከሚባለው፣ ጥቁር እስከሆነ ድረስ የፈለጋችሁትን ምረጡ ከሚለው የተወሰደ ነው። ተጠቃሚው የሚቀይረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች የሚሠሩ ቡድኖች ዛሬ ስለ ቅንፍ ብዙም አይጣሉም።

ይህ የተሳካው ለምን እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። መሣሪያው የኮዱን ትርጉም አይነካም። ያልወደደው ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ወደሚመቸው መልክ ለውጦ ሊያየው ይችላል። ደግሞም ደንቡ የሚሠራው ሰዎቹ ፈቅደው በገቡበት የጋራ ሥራ ውስጥ ብቻ ነው። ፔፕ 8 ራሱ ይህን ተጠንቅቆ አስቀምጦታል፤ ከዚህ ደንብ ጋር መስማማት ጥሩ ነው፣ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ እርስ በርስ መስማማት ግን ይበልጣል፣ በአንድ ፋይል ወይም በአንድ ተግባር ውስጥ መስማማት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል ይላል። አንድ መሆን የሚያስፈልገው ሰዎቹ አብረው በሚያነብቡበት ገጽ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እየራቀ በሄደ ቁጥር አስፈላጊነቱ ይቀንሳል።

ወደ ሶዶ ልመለስ።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወላይታ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ነበረች፤ የዞኑ መቀመጫ አርባ ምንጭ ነበር። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በዚህ ዞን ውስጥ ይኖሩ ነበር። ቋንቋዎቻቸው ምሁራን ኦሜቶ በሚሉት አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ፤ በጣምም ይቀራረባሉ፣ ተናጋሪዎቹ ገበያ ላይ ቢገናኙ ይግባባሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር የአገሪቱ ፖሊሲ ሆኖ ነበርና ለእያንዳንዱ ቋንቋ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ ማሳተምና መምህር ማሠልጠን ያስፈልግ ነበር። ታዲያ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም አይረክስም? እንዲህ ተብሎ ከአራቱም ቃል እየተወሰደ አንድ የጽሕፈት ቋንቋ ተበጀ። ስሙም እንደዚያው የተገጣጠመ ነው፤ ዎ ከወላይታ፣ ጋ ከጋሞ፣ ጎ ከጎፋ፣ ዳ ከዳውሮ፦ ዎጋጎዳ።

በወረቀት ላይ ስሌቱ ያስኬዳል። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ብቻ ያመነጨው አድርጌም አላየውም፤ ለድሀ አገር መጽሐፍ ውድ ነው። ግን ልጁ መጽሐፉን ሲከፍት እናቱ የማትለውን ቃል አገኘ። መምህሩ የማይናገረውን ቋንቋ የልጁ አፍ መፍቻ ነው ብሎ እንዲያስተምር ተጠየቀ። ዎጋጎዳን ከጡት ጋር የጠባ አንድም ሰው በአራቱ ሕዝብ ውስጥ አልነበረም። ተቃውሞ ተነሣ። ተቃውሞ ያሰሙ መምህራን ከቦታቸው እንዲዛወሩ መደረጉ ቁጣውን አባባሰው፤ በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጥቅምትና ኅዳር፣ ተማሪውና ነዋሪው ሶዶ ውስጥ አደባባይ ወጣ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ። መጻሕፍቱ ከክፍል ወጡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ የራሷን ዞን አገኘች፤ ሰሜን ኦሞም ፈረሰ። የቋንቋ ምሁሯ ሂሩት ወልደማርያም በዚያ አካባቢ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ፈተና ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጉዳይ መርምረውታል።

የሶዶ ሰው የተነሣው ለቃላት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። የአስተዳደር ጥያቄ ነበር፣ የበጀት ጥያቄ ነበር፣ ማን የት ተቀምጦ ስለ እኛ ይወስናል የሚልም ነበር። ግን ይህ ሁሉ ጥያቄ መውጫ ያገኘው በልጆች መጽሐፍ አጻጻፍ በኩል መሆኑን አንዘንጋ። የቶርቫልድስ የማቃጠል ምክር ቀልድ ሆኖ የቀረው፣ ያልተስማማ ሰው የራሱን ፕሮጀክት ይዞ መሄድ ስለሚችል ነው። የሶዶ ተማሪ ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረውም።

በዎጋጎዳና በጎፍምት መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ጎፍምት አንድ ያደረገው አንድ ገጽ ላይ የተቀመጡ ሰዎችን ነው። ዎጋጎዳ ግን አራት የተለያየ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ የማያስፈልገውን ልጆች አንድ ገጽ ላይ አስቀመጠ። የሶዶ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በዳውሮ ካለችው ከዋካ ተማሪ ጋር አንድ መጽሐፍ የሚጋራበት ምክንያት በማተሚያ ቤቱ ሒሳብ እንጂ በልጆቹ ሕይወት ውስጥ አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ድሩ አንድ አንድ ክር ሆኖ ሳለ ስለሚያብር ነው፤ ክሮቹን አቅልጦ ማዋሐድ ሌላ ሥራ ነው።

ፕሮግራመሮች ይህን ስሕተት በትንሹ ደጋግመው ይሠሩታል። እኔም ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከብዙ ሰዎች ጋር በምሠራበት አንድ ፕሮጀክት ላይ የገጾቹ መልክ ዝብርቅርቅ ማለቱ አስከፍቶኝ፣ በአንድ ምሽት እንደ ጎፍምት ያለ ፎርማተር አስነሥቼ ሁሉንም ፋይል አስተካከልኩ። በማግሥቱ አብሮኝ የሚሠራ ታላቅ ሰው ጠራኝ። አንድ አስቸጋሪ መስመር ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ሊያጣራ ፈልጎ ነበር። የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት የሚባለው ፕሮግራም የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊና ቀን ይመዘግባል፤ እሱ ሲጠይቀው ግን ለሁሉም መስመር የሚመጣው የእኔ ስም ነበር። የስድስት ዓመት የሰዎች ድካም በእኔ ስም ተሸፍኖ አገኘው። አልተቆጣም፤ «ይህን የጻፈውን ልጅ አሁን ከየት አገኘዋለሁ?» አለኝ። የእሱን ሐዘን እስካሁን አልረሳሁትም። ጊት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በወጣው 2.23 እትሙ እንዲህ ያሉ የማስተካከያ ለውጦችን ተራምዶ የቀድሞውን ጸሐፊ የሚያሳይ መንገድ አበጀ፤ ይህ ችግር የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ከዚያ ተረዳሁ።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል፤ ሁሉም እንደየራሱ ይጻፍ ካልን መጽሐፍ አይታተምም፣ ኮምፒውተርም አይሠራም ብሎ። እውነት ነው። ወላይትኛም በራሱ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንድ የመጽሐፍ አጻጻፍ ሲመረጥ የሚተው አለ። አማርኛችንም ከዚህ አላመለጠም። ሰላም በእሳቱ ሰና በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያየ ቃል ነው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ደግሞ ሦስት። ፊደሉ ይቀነስ የሚለው ክርክር አባቶቻችን የጀመሩት ነው፤ አላለቀም፣ በቅርብ የሚያልቅም አይመስለኝም። ደጋግ ፕሮግራመሮች ያገኙት መላ ግን ማንንም ሳያስቀይም ይሠራል። ፍለጋው ከጀርባ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቆጥሮ ይመረምራል፤ ጽሑፉ ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይቀመጣል። ማሽኑ የሚያስፈልገውን አንድነት ለራሱ ይወስዳል፣ የሰውየውን ገጽ አይነካም።

ስለ ስም ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ወላይትኛ በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ሦስት የላቲን ፊደል ተሰጥቶታል፦ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤል። መለያው ሲሰጥ አጠገቡ የተጻፈው ስም ሕዝቡ የማይወደው፣ እንደ ስድብ የሚሰማው የድሮ መጠሪያ ነበር። ኋላ ስሙ ተለወጠና ወላይታ ተባለ። ሦስቱ ፊደላት ግን በመላው ዓለም ኮምፒውተሮች ውስጥ ስለተዘሩ ባሉበት ቀሩ። ሰው የሚያነብበው ተስተካከለ፣ ማሽን የሚያነብበው ጸና። አዲሱ ስም ሲጻፍም ለላቲን አንባቢ ሁለት ዐይነት ሆኖ ተቀመጠ፤ አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ። እዚያ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች አንዱን መርጠው ሌላውን መጣል የእነሱ ሥራ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

ሶዶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው በየዓመቱ የሚመረቁ ልጆች አሏት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች፤ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን ወደ ኮምፒውተር ባዞሩ ቁጥር የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የሌሎችም ስሞች በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ መገናኘታቸው አይቀርም። አንድ ሰው «ፊደል ብቻ» የምትለዋን መስመር ሊጽፍ የሚችለው ያኔ ነው። ለሰባት ቁጥር ምትክ የሚሆን ምልክት የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ቁጥር ያልሆነ፣ እንደ ፊደል የሚቆጠር ጭረት። ለመሐንዲሱ ሥራ ያቀልላል። ሶዶ ውስጥ በሚሸጥ ኪቦርድ ላይ ግን የለም፤ ደግሞም የልጆቹ መጽሐፍ በሰባት ነው የተጻፈው። ሰባትን ያስቀምጡት ወይም ይለውጡት፣ ውሳኔው ወላይትኛ የሚያስተምሩትና የሚጽፉት ሰዎች ነው። እስከዚያ ድረስ የፕሮግራመሩ ሥራ መስመሩን አስፍቶ ሰባትን ከፊደላት መቁጠር ነው።

በጋሞ ደጋ ሰዎች ነገር የሚመክሩበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል፤ ጉዳዩ የሚነካው ሰው እዚያ ቆሞ ይናገራል። መጀመሪያ ላነሣሁት የወላይትኛ ፋይልም እንዲህ ያለ አደባባይ አለው፦ የተበረከተበት የዓለም የጋራ ሥራ። ለኢትዮጵያ ፊደል ቦታ የሰጠው ዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ሲወጣ፣ የሶዶ ሰው ለተቃውሞ አደባባይ ሊወጣ አንድ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር፤ ሁለቱ ነገሮች ያኔ አይተዋወቁም ነበር። አሁን ሊተዋወቁ ይችላሉ። የቋንቋዎች መለያ ሥርዓት አንድ ቋንቋ በሁለት ፊደል እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ ሰርብኛ በሲሪሊክም በላቲንም ተመዝግቦ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ይመርጣል። ወላይትኛም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። የግዕዙ ፋይል ለአዛውንቱ ባለበት ይቆይ፣ የላቲኑ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ማንም የማንንም መስመር መደምሰስ አይኖርበትም። ሁለት ሦስት የወላይትኛ መምህራንና አንድ ፕሮግራመር አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ ይበቃል። ለመጀመር የሚያስፈልጉት የሰባቱ ቀናትና የወራቱ ስሞች ናቸው፤ ከወጋ እስከ ቄራ፣ የሶዶ ልጅ ደብተሩ ላይ እንደሚጽፋቸው።